እጃችንን በማን ላይ እናፍታታ?

(ለመምህራንና ለተማሪዎች ከተደረገ ንግግር)



ዛሬ ልናነሣው ያሰብነው አንድ አጭር ጥያቄ ነው። አዲስ የተመረቀች ነርስ ወደ ድንገተኛ ክፍል በገባች በመጀመሪያው ሳምንት ትንፋሹ የተቋረጠ ሰው ቢያመጡላት፣ እጇን የምታፍታታው በማን ላይ ነው? መልሱን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ጮክ ብለን አንናገረውም እንጂ። የምታፍታታው ከገጠር በቃሬዛ ተጭኖ በመጣው፣ «ይህን ነገር ስንት ጊዜ ሠርተሽዋል?» ብሎ ለመጠየቅ በማይችለው ድኻ ላይ ነው።

ይህን ስንል ነርሶቹን ለመውቀስ አይደለም። ልቡ የቆመን ሰው ደረት በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ፣ ከ5 እስከ 6 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት መጫን እንደሚገባ ሁላችንም በፈተና ወረቀት ላይ ጽፈናል። ነገር ግን መጻፍ ሌላ፣ ክንድ እስኪዝል መጫን ሌላ ነው። ሠራተኛው በየሁለት ደቂቃው እንዲቀየር ደንቡ የሚያዘው ያለ ምክንያት አይደለም፤ የሞከረው ያውቀዋል።

ጎጃም ላይ ቆመን ለዚህ ነገር ምሳሌ ከባሕር ማዶ ብቻ መፈለግ አይገባንም። በዋሸራም ሆነ በጎንጅ የቅኔ ተማሪ ቅኔውን ለብቻው ሲቆጥር ይውልና ለመምህሩ ይነግራል። መምህሩም ያርመዋል፣ ያቃናዋል፤ ጓደኞቹም ቆመው ይሰማሉ። ሕዝብ በተሰበሰበበት ከመቆሙ በፊት ስሕተቱን ሁሉ የሚጨርሰው እዚያው በጉባኤ ቤቱ ነው። ቅኔ ቢበላሽ ደግሞ ሰው አይሞትም!

የውጭ አገር ሰዎችም ወደዚሁ አሳብ ደርሰዋል። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1911 በአሜሪካ በሃርትፎርድ ከተማ ሆስፒታል ለነርስ ተማሪዎች የሰው ቁመት ያላት አሻንጉሊት ተሠራችላቸው፤ ስሟም ሚስስ ቼዝ ይባል ነበር። በ1960 ደግሞ አስሙንድ ሌርዳል የተባለ ኖርዌያዊ የአሻንጉሊት ፋብሪካ ባለቤት ትንፋሽ መስጠት የሚለማመዱባትን አን የተባለች አሻንጉሊት አወጣ። መልኳ የተቀዳው፣ እንደሚባለው፣ በፓሪስ በሴን ወንዝ ሰጥማ ከሞተች ስሟ ካልታወቀ ልጃገረድ ነው። ታሪኩ እውነት ይሁን ተረት፣ ጣና ዳር ለምንኖር ለእኛ ግን እንግዳ አይደለም።

በአገራችን በ2003 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የድንገተኛ ሕክምና የስፔሻሊቲ ትምህርት ከተጀመረ ወዲህ ሙያው ራሱን ችሎ ቆሟል። በባሕር ዳርም ፈለገ ሕይወትና ጥበበ ግዮን ከሩቅ ወረዳ የሚመጣውን ሕመምተኛ ይቀበላሉ። እንግዲህ ልምምዳችን ከፈረንጅ መጽሐፍ የተገለበጠ ሳይሆን በእነዚህ በሮች ከሚገባው ሰው ሕመም የተቀዳ ይሁን እንላለን።

ለምሳሌ አንድ ዓሣ አጥማጅ ከደንገል ታንኳው ላይ ወድቆ ሰጠመ እንበል። ዘመዶቹ «ውሃው ይውጣለት» እያሉ ሆዱን ሲጫኑ ቆይተው አመጡት። ነርሷ መጀመሪያ ምን ታድርግ? በውሃ የታፈነ ሰው ልቡ የሚቆመው አየር በማጣት ነውና አየር መስጠት ይቀድማል፤ ሆዱን መጫን ግን ማስታወክን ያመጣል፣ ጊዜም ያጠፋል። ይህን ሁሉ እያሰበች እናቱ ከበሩ ላይ እየጮኸች ነው። ስለዚህ በልምምዱ ከእኛ አንዱ እናቲቱን ሆኖ ይጩህ። የጩኸቱ ቦታ ባዶ ከሆነ ልምምዱ ግማሽ ነው።

ሁለተኛው የተባይ ማጥፊያ መድኃኒት የጠጣ ገበሬ ነው፤ ምራቁ ይዝረበረባል፣ ደረቱ ይንኮረኮራል። አትሮፒኑ ደረቱ እስኪደርቅ ድረስ በየአምስት ደቂቃው በእጥፍ ይጨመራል። ታዲያ ካርቶኑ ውስጥ ስንት አምፑል አለ? ሦስተኛው በወባ የሚንቀጠቀጥ ሕፃን ነው፤ የስኳሩን መጠን ለመለካት የሚያስብ ማን ነው?

ልምምዱን በእውነተኛው ክፍል ውስጥ ያደረጉ ሰዎች የሚነግሩን ጥቅም አለ። የኦክሲጅን ሲሊንደሩ ሙሉ ሆኖ መፍቻው የት እንደተቀመጠ የሚያውቅ ይጠፋል። ይህ ጉድለት ሰው ሳይሞት የሚታወቀው በልምምድ ብቻ ነው።

ከሁሉ የሚከብደው ግን የእጅ ሥራው አይደለም፤ ይሉኝታው ነው። ታላቅን ማክበር ጥሩ አስተዳደግ ነው፤ እኛም አንተወውም። ሆኖም ሐኪሙ በጥድፊያ ውስጥ መጠኑን አሳስቶ አሥር እጥፍ ቢያዝና ነርሷ አይታ ዝም ብትል፣ አክብሮቷ ለሕፃኑ ምን ይረባዋል? «ዶክተር፣ ይቅርታ፣ ሦስት ሚሊ ግራም በኪሎ ነው ያሉት ወይስ ሠላሳ?» ማለትም እንደ መርፌ መውጋት ሁሉ ይለመዳል። መምህራችን በልምምዱ ላይ ሆነ ብለው ተሳስተው ማዘዝ ይችላሉ፤ ያረመቻቸውን ተማሪም ያመስግኗት። የሳቅ ነገር ይመስላል፤ እኛ ግን ከአሻንጉሊቱ ሁሉ የሚበልጠው ይህ ነው ብለን እናምናለን።

ልምምዱ ካለቀ በኋላም ቁጭ ተብሎ መነጋገር ያስፈልጋል። «ለምን እንዲህ አላደረግሽም?» ተብሎ በሰው ፊት የተዋረደ ተማሪ በሚቀጥለው ጊዜ የሚማረው መደበቅን ነው። «ያን ጊዜ ምን ታየሽ? ምን አሰብሽ?» ተብሎ ቢጠየቅ ግን ስሕተቱ ከየት እንደመጣ ራሱ ይነግረናል።

ገንዘብ የለም የሚሉን እንዳሉ እናውቃለን። የሚናገረውና የሚተነፍሰው አሻንጉሊት ውድ ነው፤ ሲበላሽም መለዋወጫ በቶሎ አይገኝም። እኛ የምንጠይቀው እሱን አይደለም። የደረት መጫኛ አንድ አሻንጉሊት፣ አምቡ ባግ፣ ባዶ አምፑሎች፣ የግድግዳ ሰዓትና እናቲቱን የሚሆን ጓደኛ ይበቃናል። ለመምህራን የምናቀርበው ልመናም አንድ ነው፤ የልምምዱ ክፍል በሳምንት ሁለት ቀን ከምሽቱ 12 ሰዓት እስከ 2 ሰዓት ክፍት ይሁንልን፤ ከድንገተኛ ክፍል ልምድ ያላት አንዲት ነርስም ተራዋን ስትጨርስ መጥታ ትመልከተን። ስም የሚመዘግቡ ጓደኞች ከዚህ ስብሰባ በኋላ በበሩ ላይ ይቆማሉ።