ለሞተው ብቻ ወይስ ለሕያውም?



ዕድራችን ሰው ሲሞት ድንኳን ይተክላል፣ ወንበር ይደረድራል። ይህ መልካም ነው። ነገር ግን በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 25 ጌታችን የሚጠይቀን ስለ ስድስት ዓይነት ሰዎች ነው፤ እነርሱም የተራበ፣ የተጠማ፣ እንግዳ፣ የታረዘ፣ የታመመና የታሰረ ናቸው። ስድስቱም በሕይወት ያሉ ናቸው።

በ1990ዎቹ ዓ.ም. ኤድስ ብዙ ቤት ባፈረሰ ጊዜ፣ በአዲስ አበባ አንዳንድ ዕድሮች ከቀብር አልፈው በሽተኛ መጠየቅና የሙት ልጆችን መርዳት ጀመሩ።

እኛ ተማሪዎችስ? ምሳ ሳይዝ የሚመጣ ጓደኛ በየክፍላችን አለ። እርሱን እያየን ዝም ብለን ስለ ፍትሕ ብንናገር ቃላችን ባዶ ነው። ስለዚህ በየወሩ ከኪሳችን ጥቂት እናዋጣ፤ የሰጪም የተቀባይም ስም አይጠራ።

ሰውን ለመርዳት ሞቱን አንጠብቅ። እግዚአብሔር ይርዳን።