ራስን መግዛትና የሥራ ቀን ማዕድ

ለሒሳብ ባለሙያዎች ማኅበር ዓመታዊ ጉባኤ የቀረበ ንግግር




በሒሳብ ሥራ ለተሰማራ ሰው የሰኔ ወር ምን ማለት እንደሆነ አስረጂ አያሻውም። የበጀቱ ዓመት ሰኔ 30 ቀን ይዘጋል፤ ከዚያ በፊት የንብረቱ ቆጠራ መካሄድ፣ ተሰብሳቢውና ተከፋዩ መጣራት፣ የባንኩም መግለጫ ከመዝገቡ ጋር መመሳከር ይኖርበታል። በዚህ ወር ባለሙያው ቁርስ ሳይቀምስ ማልዶ ከቤቱ ይወጣል። ረፋዱ ላይ ሦስት ማንኪያ ስኳር የገባበት ሻይ ከአንድ ቦምቦሊኖ ጋር ቆሞ ይወስዳል። የምሳው ሰዓት በስብሰባ ያልፍና ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ ያገኘውን ይበላል። ከቀትር በኋላ ድካሙን ለማባረር ሁለት ብርጭቆ ሻይና አንድ ጠርሙስ ለስላሳ መጠጥ ይጨምራል። ማታ ሦስት ሰዓት ላይ ቤቱ ሲደርስ የቀኑን ረኃብ ሁሉ በአንድ ማዕድ ይወጣና ወዲያው ይተኛል። በነጋታውም «ራሴን መግዛት አቃተኝ» ይላል።

ይህ ንግግር የሚመለከተው ያችን የመጨረሻዋን ዐረፍተ ነገር ነው። ባለሙያው ጥፋቱን ሁሉ በፈቃዱ ድካም ላይ ጥሎ፣ መጪው ሰኞ ሲደርስ የበለጠ ለመጽናት ለራሱ ቃል ይገባል፤ ሰኞውም እንደ ቀድሞዎቹ ሰኞዎች ያልፋል። ነገሩ የመሥሪያ ቤት ጉዳይ ቢሆን ኖሮ ግን ይኸው ሰው እንዲህ ያለውን ማብራሪያ ባልተቀበለ ነበር። አንድ ገንዘብ ያዥ ጉድለት ተገኝቶበት «ፈቃዴ ደክሞ ነው» ብሎ ቢመልስ፣ ኦዲተሩ የካዝናው ቁልፍ በማን እጅ እንደ ነበረ፣ ወጪውን ማን እንደ ፈቀደ፣ የመጨረሻው ቆጠራ መቼ እንደ ተደረገ ይጠይቃል እንጂ ስለ ፈቃድ ጽናት ሲወያይ አይውልም።

ጉዳዩ የወገብ ልክ ጉዳይ ብቻ ቢሆን የጉባኤውን ጊዜ መሻማት ባላስፈለገ። እ.ኤ.አ. በ2015 በኢትዮጵያ ተላላፊ ባልሆኑ በሽታዎች መንሥኤዎች ላይ የተካሄደው አገር አቀፍ ጥናት፣ ከአዋቂዎች መካከል ከመቶ 16 ያህሉ ከፍተኛ የደም ግፊት እንዳለባቸው፣ የአንድ ሰው የቀን የጨው ፍጆታም በአማካይ 8.3 ግራም መድረሱን አመልክቷል። አትክልትና ፍራፍሬን በተመለከተ ደግሞ ከሞላ ጎደል ሁሉም ሰው ከሚመከረው መጠን በታች እንደሚመገብ ተረጋግጧል። የዓለም የጤና ድርጅት ምክር ጨው በቀን ከ5 ግራም፣ ማለትም ከአንድ የሻይ ማንኪያ በታች እንዲሆን፣ አትክልትና ፍራፍሬም ቢያንስ 400 ግራም እንዲደርስ ነው። የደም ግፊት ለብዙ ዓመታት ምንም ሳይናገር የሚቆይ በሽታ በመሆኑ፣ በወንበር ላይ የሚውለው ባለሙያ ሕመሙን የሚያውቀው ብዙውን ጊዜ ኩላሊቱ ወይም አንጎሉ ከተጎዳ በኋላ ነው። ይህም የሚደርሰው የሥራ ልምዱ በበሰለበትና ልጆቹ ገና ትምህርታቸውን ባልጨረሱበት ዕድሜ ላይ ነው።

የስኳሩን ሒሳብ ማንኛውም የማኅበሩ አባል ራሱ ሊሠራው ይችላል። አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር 4 ግራም ያህል ይመዝናል። ከላይ የተጠቀሰው ሰው በሦስት ብርጭቆ ሻይ ዘጠኝ ማንኪያ፣ ማለትም 36 ግራም ወስዷል። ለስላሳ መጠጥ በ100 ሚሊ ሊትር ውስጥ 10 ግራም ያህል ስኳር ስለሚይዝ፣ አንድ የ300 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ 30 ግራም ይጨምራል። ድምሩ 66 ግራም ነው። በቀን 2,000 ካሎሪ ለሚበቃው ሰው የዓለም የጤና ድርጅት የወሰነው ጣሪያ 50 ግራም ሲሆን፣ ከተቻለ ከ25 ግራም በታች ቢሆን የተሻለ እንደሆነ ይመክራል። ቦምቦሊኖው ገና አልተመዘገበም።

እዚህ ላይ አንድ የሚያስገርም ነገር አለ። ሒሳብ የሚዘጋበት ሰኔ የሐዋርያት ጾም የሚጾምበትም ወር ነው። ስኳሩን መቀነስ አቃተኝ የሚለው ይኸው ባለሙያ፣ ጿሚ ከሆነ፣ በዚያው ጥድፊያ መካከል ሥጋ፣ ቅቤ፣ ወተትና እንቁላል ሳይነካ ይሰነብታል። ዐቢይ ጾምን 55 ቀን ይጾማል፤ ከበዓለ ሃምሳ በቀር ረቡዕንና ዓርብን ዓመቱን ሙሉ ይጠብቃል። ሙስሊሙ የሥራ ባልደረባውም ረመዳን በማንኛውም የሥራ ወቅት ላይ ቢውል ከንጋት እስከ ፀሐይ መጥለቂያ ውኃ እንኳ ሳይቀምስ ሚዛኑን ያስታርቃል። እንግዲህ ከእነዚህ ሰዎች መካከል ፈቃዱ ደካማ ነው የሚባለው የትኛው ነው?

የእምነቱ ኃይል ቀዳሚ መሆኑ የታወቀ ነው። ይሁንና ጾም ከእምነቱ ሌላ አንድ የአሠራር ጠባይ አለው፤ ጿሚው በየማዕዱ ከራሱ ጋር አይከራከርም። ውሳኔው በቀን መቁጠሪያው ላይ አስቀድሞ ተወስኗል። በቤቱ የወጡ ድስት በጾም ዘይት ተሠርቷል፤ ምግብ ቤቱ የጾም በያይነቱን አሰናድቶ ይጠብቃል፤ ሉካንዳው በዐቢይ ጾም ይዘጋል፤ ጓደኞቹም ክትፎ ቤት አይጠሩትም። ፈቃዱ የሚፈተነው አልፎ አልፎ ብቻ ነው፤ በሚፈተንበትም ጊዜ ብቻውን አይደለም። ይህ ሲባል ጾም ራሱ ጤናማ አመጋገብ ነው ለማለት እንዳልሆነ ልብ ሊባል ይገባል። በዘይት የተጠበሰ ሳምቡሳና በስኳር የተጥለቀለቀ ሻይ የጾም ምግብ ናቸው፤ የፋሲካ ሰሞን የሆድ ሕመምም የታወቀ ነው።

ከጾም የሚገኘው ሁለተኛው ትምህርት እንግዳ አቀባበልን ይመለከታል፤ ስለ ራስን መግዛት በሌሎች አገሮች የተጻፉት መጻሕፍት ይህን እምብዛም አያነሡትም። በእነዚያ መጻሕፍት በላተኛው ብቻውን ከቁም ሣጥኑ ጋር ይታገላል። በኢትዮጵያ ግን ፈተናው በሰው እጅ ተጠቅልሎ ይመጣል። «በሞቴ!» «አንዲት ጉርሻ ብቻ!» «ምነው፣ ባለሙያ አይደለችም ብለህ ነው?» እየተባለ የሚቀርብን ምግብ አልበላም ማለት ወዳጅነትን እንደ መናቅ ይቆጠራል። በዚህ ማዕድ ዙሪያ ያለ ጭቅጭቅ የሚከበሩት ምክንያቶች ሁለት ናቸው፤ አንዱ «ጾም ነኝ» ሲሆን ሁለተኛው «ሐኪም ከልክሎኛል» ነው። «ጠግቤአለሁ» የሚለው ቃል እንደ ትሕትና ተቆጥሮ ይታለፋል። «ጤናዬን ልጠብቅ ብዬ ነው» የሚለው ደግሞ ያስቃል። ስለሆነም ሰው ከታመመ በኋላ ብቻ የሚከበርለትን ምክንያት ሳይታመም እንዲያከብሩለት አስቀድሞ ለቤተ ዘመድና ለሥራ ባልደረባ መናገር ይገባዋል። ውሳኔው የታወቀ፣ ወሰኑም የተለየ ሲሆን ሰዎች ይቀበሉታል። «ከማታው አንድ ሰዓት በኋላ እንጀራ አልበላም» ያለ ሰው ሁለት ሳምንት ይቀለድበታል፤ በሦስተኛው ሳምንት እራቱ ቀደም ብሎ ይቀርብለታል።

በአሜሪካ የተደረጉ ጥናቶችም በጉዳዩ ላይ ብዙ ተከራክረዋል። እ.ኤ.አ. በ1998 ባውማይስተርና ባልደረቦቹ ባሳተሙት ጥናት፣ ቸኮላት ፊታቸው ተቀምጦ ፍጅል የሚባለውን ጥሬ ሥር ብቻ እንዲበሉ የታዘዙ ሰዎች፣ ቀጥሎ የተሰጣቸውን መፍትሔ የሌለው እንቆቅልሽ በ8 ደቂቃ ያህል ሲተዉት፣ ቸኮላቱን የበሉት ግን 19 ደቂቃ ያህል ታግለዋል። ከዚህም በመነሣት ፈቃድ እንደ ካዝና ገንዘብ በወጪ ብዛት የሚያልቅ ነው የሚል አስተያየት ተስፋፋ። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ2016 ይኸው አስተያየት በ23 ቤተ ሙከራዎች ከ2,000 በሚበልጡ ሰዎች ላይ እንደገና ሲፈተን፣ የተገኘው ውጤት ከዜሮ ብዙም ያልራቀ ሆነ። በመሆኑም «ቀኑን ሙሉ ስሠራ ፈቃዴ አለቀ» የሚለው ሰበብ የቀድሞ ምስክሩን አጥቷል።

ከዚያ ይልቅ ለዚህ ጉዳይ የሚጠቅመው የዋልተር ሚሼል ሥራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1970 በታተመው ጥናት፣ ቢታገሡ የተሻለ ጣፋጭ እንደሚያገኙ የተነገራቸው ሕፃናት ጣፋጮቹ ከፊታቸው ተቀምጠው ሳለ የታገሡት በአማካይ 1 ደቂቃ ያህል ብቻ ነበር። ጣፋጮቹ ከዓይናቸው ሲሰወሩ ግን ከ11 ደቂቃ በላይ ጠበቁ። በሁለቱ ወገን ሕፃናት ፈቃድ መካከል ልዩነት ነበረ ለማለት አይቻልም። የተለወጠው ጠረጴዛው ነው።

ለሒሳብ ባለሙያ ይህ ሁሉ እንግዳ ትምህርት አይደለም፤ የውስጥ ቁጥጥር መሠረተ ሐሳብ ራሱ ነው። ገንዘብ የሚይዘው ሰው መዝገቡን አይዝም፤ ወጪ የሚጠይቀው ሰው ወጪውን አይፈቅድም። ይህ የሚደረገው ሠራተኛው ሁሉ ሌባ ስለሆነ ሳይሆን፣ ታማኙም ሰው በችግሩ ቀን ከፈተና እንዲጠበቅ ነው። የራበው ሰው ግን ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ በምግብ ቤት ወንበር ሲቀመጥ ጠያቂም፣ ፈቃጅም፣ ከፋይም እርሱው ነው። እንዲህ ያለውን አሠራር በማናቸውም መሥሪያ ቤት ያየ ኦዲተር ሪፖርቱን እንዴት እንደሚጽፍ ይታወቃል።

ስለዚህ ሥልጣኑ ይከፈል። ፈቃጁ ማታ ከእራት በኋላ የጠገበው ሰው ይሁን፤ ቀን የሚራበው ሰው የተፈቀደለትን ብቻ ይውሰድ። የነገው ምሳ ዛሬ ማታ በምሳ ዕቃ ከተቀመጠ ጉዳዩ አብቅቷል። የሻዩ ስኳር እንደ ጥቃቅን ወጪ መጠባበቂያ ገንዘብ በቀን የተወሰነ ልክ ይመደብለት፤ ስድስት ማንኪያ ቢባል፣ ጧት ሦስቱን ያወጣ ሰው ከቀትር በኋላ የቀረውን ያውቃል። ለረፋዱ ረኃብ መሳቢያ ውስጥ ቆሎ ወይም ሙዝ የያዘ ሰው ቦምቦሊኖውን ለማሸነፍ ጀግና መሆን አያስፈልገውም። ውድ ወይም እንግዳ ምግብ ፍለጋ መሄድም አያሻም። ጤፍ ከጥቃቅንነቱ የተነሣ ከነገለባው ስለሚፈጭ እንጀራው የሙሉ እህል ምግብ ነው፤ ምስር፣ ሽሮና ጎመን ከጨውና ከዘይት በልክ ሆነው ከተሠሩ ሐኪም የሚያዝዘው ማዕድ ከዚህ ብዙ አይርቅም።

በምሳ ዕቃ ላይ ግን አንድ ችግር አለ፤ መነሣትም ይኖርበታል። ምሳ ዕቃ መያዝ የተማሪና የዝቅተኛ ደመወዝተኛ ምልክት ተደርጎ ስለሚቆጠር፣ መምሪያ ኃላፊ የሆነ ሰው ምሳ ዕቃ አንጠልጥሎ ሲገባ መታየቱን ያፍርበታል። ስንቱ ሰው ለዚህ ክብር ሲል ደም ግፊቱን እንደገዛ ቢቆጠር መልካም ነበር። መምሪያ ኃላፊው በሠራተኞቹ ፊት ምሳ ዕቃውን ከፍቶ ሲበላ፣ ከብዙ ቃለ ምዕዳን ይልቅ ለመሥሪያ ቤቱ ሥራ ይሠራል።

ሁለተኛው የበለጠ ከባድ ነው። ስለ ራስን መግዛት የሚደረግ ንግግር ሁሉ ምግቡን የሚሠራውን ሰው ወደ መርሳት ያዘነብላል። ያ ምሳ ዕቃ በማን እጅ ይሞላል? ወንዱ ባለሙያ «ከዛሬ ጀምሮ ጨው ቀንሻለሁ» ሲል ብዙውን ጊዜ ድስቱ ላይ የቆመችው ሚስቱ ወይም የቤት ሠራተኛቸው ናት፤ ውሳኔው የእርሱ፣ ሥራው ግን የሌላ ነው። ሴቷ ባለሙያ ደግሞ ያንኑ ሰኔ ከእርሱ እኩል ሠርታ ማታ ቤቷ ስትደርስ ሁለተኛው የሥራ ቀን ይጠብቃታል፤ ለራሷ የሚቀርላት የልጆች ትራፊና የቆመ ሻይ ነው። እንዲህ ባለ ቤት ውስጥ ስለ እርሷ የፈቃድ ጽናት መናገር ስድብ ነው። እሑድ ከሰዓት ሽንኩርቱን የሚከትፍ፣ ጎመኑን የሚያጥብ፣ የሳምንቱን ምስር የሚቀቅል ሌላ እጅ ያስፈልጋታል፤ ያ እጅ የባሏ ቢሆን ሰማይ አይወድቅም።

የቀረው የማኅበሩ ድርሻ ነው። ከስድስት ሰዓት ተኩል የሚያልፍ ስብሰባ የምሳን ሰዓት ያለ ፈቃድ ወጪ ማድረግ በመሆኑ፣ አባላት በየመሥሪያ ቤታቸው ይህን የማስከበር ሥልጣን ባላቸው መጠን ሊያስከብሩት ይገባል። የማኅበሩም የሥልጠናና የጉባኤ ሻይ ዕረፍት እስከ ዛሬ ኬክና ብስኩት፣ ስኳሩም አስቀድሞ የተቀላቀለበት ሻይ ሲቀርብበት ኖሯል። ሻዩ ያለ ስኳር ቢቀዳ፣ ስኳሩ በሌላ ጠረጴዛ ቢቀመጥ፣ በኬኩም ፈንታ ሙዝ፣ ብርቱካንና ቆሎ ቢቀርብ ለሥራ አስፈጻሚው ኮሚቴ የበጀት ማስተካከያ እንኳ ላያስፈልገው ይችላል። ግዥው ግን ለጉባኤው ዋዜማ ሳይተው ከወዲሁ መታዘዝ አለበት።