በፍኖተ ሰላምና በቡሬ አገር የነበረው ዱር



የጠፋ ከተማ ፍርስራሽ ይተዋል፤ የጠፋ ዱር ግን የሚተወው ምልክት ጥቂት ነው። ከፍኖተ ሰላም እስከ ቡሬ፣ ከዚያም ባሻገር ባለው ወይና ደጋ የነበረውን ዱር ለማወቅ የሚጠሩ ምስክሮች ሦስት ናቸው፤ እነርሱም የቦታ ስም፣ የመንገደኞች ጽሑፍና የአብያተ ክርስቲያናት ቅጥር ናቸው።

ስምን በተመለከተ፣ ከቡሬ ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው መንገድ ላይ ያለችው ኮሶበር ኮሶን እስከ ዛሬ በስሟ ይዛ ትኖራለች። ከመንገደኞች ወገን ደግሞ በ1763 ዓ.ም. ግሽ ዓባይ የደረሰው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ይጠቀሳል። እ.ኤ.አ. በ1790 የታተመው መጽሐፉ ዋንዛን፣ ኮሶንና ቀንጠፋን በሥዕል ጭምር ያሳያል። ንጉሡ ጉዞ ከመነሣቱ በፊት ቀንጠፋ እንዲመነጠር አዋጅ ይነገር እንደነበረም ይተርካል። ሰውና ዱር በዚያን ዘመንም ይታገሉ ነበር ማለት ነው።

ስለዚህ «ትናንት ጥቅጥቅ ደን ነበረ፣ ዛሬ ባዶ ሆነ» ማለት ታሪኩን ማዛባት ይሆናል። ከመቶ ዓመት በፊት ከኢትዮጵያ ምድር 40 በመቶው ደን ነበር የሚለው አባባል በልኬት ላይ የተመሠረተ አይደለም፤ የታሪክ ምሁሩ ጄምስ ማካን እ.ኤ.አ. በ1997 ባወጣው ጥናት ይህን ዓይነቱን ትረካ ተችቷል። ጎጃም ለብዙ መቶ ዓመታት በበሬ ሲታረስ የኖረ አገር ነው። ታሪኩ ሲዛባ ጥፋቱ ሁሉ በዛሬው ገበሬ ላይ ይወድቃል፤ መድኃኒቱም ይሳሳታል።

ዱሩን ያጠፋው አንድ መጥረቢያ ወይም አንድ ዘመን አይደለም። ሞፈሩ፣ ቀንበሩና ድግሩ እንጨት ናቸው፤ ጎጆውም፣ በረቱም፣ የምጣዱም ማገዶ እንጨት ነው። ዋንዛው ለበር፣ ለሙቀጫና ለከበሮ ተፈለገ፤ ጽዱ ለቤት ምሰሶ፣ ወይራው ለወተት ዕቃ ማጠኛ ዋለ። ቤተሰብ በበዛ ቁጥር ማሳው ወደ ዳገቱ ወጣ። ከ1933 ዓ.ም. ነጻነት በኋላም የመንገድ ዳር ከተሞች እያደጉ ሲሄዱ ማገዶና ከሰል ሸቀጥ ሆኑ።

የባለቤትነት ጉዳይም አለ። አዋጅ ቁጥር 31/1967 የገጠር መሬትን የሕዝብ ሀብት ካደረገ በኋላ በገበሬ ማኅበራት ጉልበት ብዙ ችግኝ ተተከለ። ዳሩ ግን ብዙው ገበሬ የተከለውን የራሱ አድርጎ አልቆጠረውም። በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ በብዙ የአገሪቱ ክፍሎች እነዚህ የጋራ ደኖች ተጨፈጨፉ። በአንጻሩ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ወደ አገር የገባውን ባሕር ዛፍ ገበሬው ማንም ሳያስገድደው በደጁ ተከለው፤ የራሱ ነውና፤ ቶሎ ይደርሳል፣ ይሸጣልም። ባሕር ዛፍ ማገዶ በመሆን ለቀረው አገር በቀል ዛፍ ጋሻ ሆኗል፤ የዋንዛን ጥላና ንብ የሚቀስመውን አበባውን ግን አይተካም።

ሦስተኛው ምስክር የደብር ቅጥር ነው። ዝግባ፣ ጽድ፣ ወይራና ጥቁር እንጨት በየቅጥሩ የተረፉት በዘበኛ ብዛት ሳይሆን በሥርዓት ነው፤ ዛፉ የማን እንደሆነ ሁሉም ያውቃልና። ይሁን እንጂ ይህም ምስክር እያረጀ ነው። ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ በደቡብ ጎንደር 28 የአብያተ ክርስቲያናት ደኖችን አጥንተው እ.ኤ.አ. በ2007 ባቀረቡት ሥራ ከብት በሚገባበት ቅጥር ችግኝ ለማደግ እንደሚቸገር አሳይተዋል። አሮጌው ዛፍ ቆሞ ይታያል፤ ከሥሩ ግን ተተኪ የለም። ጎጃምም ከጎንደር ጋር አንድ ዓይነት ቅጥርና አንድ ዓይነት ግጦሽ ያለው አገር ነውና አደጋው አይቀርለትም።

እንግዲህ ከባለሙያው የሚጠበቀው ሥራ ግልጽ ነው። ሽማግሌዎች በሕይወት ሳሉ የቦታና የዛፍ ስም ይመዝገብ። ከካህናቱና ከምእመናኑ ጋር በመመካከር ቅጥሩ በድንጋይ ካብ ይከበር፤ ከእናት ዛፎቹም ዘር ይሰብሰብ። ከሁሉ በላይ ዋንዛና ዝግባ የሚተክል ገበሬ የተከለው ዛፍ የእርሱና የልጆቹ መሆኑን በማያጠራጥር ሁኔታ ይወቅ። የጠፋውን ዱር እንዳለ መመለስ አይቻልም፤ ዘሩ ግን ዛሬም በየደብሩ አለ። እናት ዛፎቹ ከወደቁ በኋላ ግን የሚሰበሰብ ዘር አይኖርም።