ወዝ ያጣ ቆዳ
(በመሠረተ ትምህርት የራዲዮ ዝግጅት የተሰጠ ንግግር)



ይህን ንግግር በራዲዮ የሰማችሁ ትኖራላችሁ። አሁን ደግሞ በገዛ ዓይናችሁ ታነቡታላችሁ። ቀስ ብላችሁ አንብቡ። ቃሉ የከበዳችሁ እንደ ሆነ ተመለሱና ድገሙት። የሚያጣድፋችሁ የለም።

ከመቀጠላችሁ በፊት ግን አንድ ነገር አድርጉ። ይህን ወረቀት የያዘውን እጃችሁን ገልብጡና ጀርባውን ተመልከቱ። ወዝ አለው? ወይስ አመድ የተነሰነሰበት ይመስላል? ቀጥሎ ጫማችሁን አውልቁና ተረከዛችሁን ዳስሱ። በጥር ወር እንደሚታየው ዋልካ መሬት ተሰነጣጥቋል? የዛሬው ጉዳያችን ይኸው ነው።

«ይህማ የቁንጅና ነገር ነው፤ ሥራ ለሌለው ሰው ይሁንለት» የሚል አይጠፋም። እኔም እንደዚያ ይመስለኝ ነበር። ሐሳቤን ያስለወጡኝ በማታ ትምህርት ያስተማርኳቸው አንዲት እናት ናቸው። ስማቸውን አልጠራም።

እኚህ እናት የሚተዳደሩት የሰው ልብስ እያጠቡና እንጀራ እየጋገሩ ነው። ፊደል ቶሎ ገባቸው። «ሀ» ብለው በጀመሩ በጥቂት ወር ውስጥ ያነቡ ጀመር። መጻፍ ላይ ስንደርስ ግን ወደ ኋላ ቀሩ። የቤት ሥራ ሰጥቼ ደብተራቸውን ስገልጥ ባዶ ነው። በነጋታውም ባዶ። አንድ ማታ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ «እማማ፣ ምነው ሰነፉ?» አልኳቸው። ዝም አሉ። ትምህርቱ አልቆ ሌላው ሲወጣ እሳቸው ቀሩና እጃቸውን ከመብራቱ ሥር ዘረጉልኝ። የአውራ ጣታቸውና የሌባ ጣታቸው ጫፍ ተተርትሮ ቀዩ ሥጋ ይታያል። «አትቆጪኝ ልጄ፤ እርሳሱን ስጨብጠው ይደማል። ደብተሩን እንዳላበላሸው ብዬ ነው» አሉኝ።

ያን ማታ ያፈርኩትን ያህል አፍሬ አላውቅም። የእኔም እጅ እኮ ደረቅ ነው። ጠመኔ ወዝ ይመጣል። በማሠልጠኛ ተቋም ሳለን ጠመኔ እንዴት እንደሚያዝ ተምረናል፤ ከጠመኔ በኋላ እጅ ምን እንደሚደረግ ግን ያነሣው ሰው አልነበረም።

በማግሥቱ አብረን ጤና ጣቢያ ሄድን። ነርሷ እጃቸውን አገላብጣ አየችና ጠየቀቻቸው።

«በምንድን ነው የሚያጥቡት?»

«በዱቄት ሳሙና ነው። ነጩን በበረኪና።»

«ሲጨርሱስ ይቀቡታል?»

«አንዳንዴ ቅቤ ጣል አደርግበታለሁ።»

«መቼ?»

«ማታ ልተኛ ስል ነዋ። ያን ጊዜማ እጄ ደርቆ እንደ እንጨት ሆኗል።»

ነርሷ ሣቅ አለችና፣ «እማማ፣ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ሆነብዎ» አለቻቸው። እኔም የዚያን ቀን የተማርኩትን ነው ዛሬ ለእናንተ የማካፍላችሁ።

የድንጋይ ግድግዳ ሲሠራ አይታችኋል። ድንጋዩ ይደረደራል፤ በመካከሉ ጭቃ ይገባል። ጭቃው ታጥቦ ካለቀ ድንጋዩ ቢቆምም ነፋስ በየቀዳዳው ይገባል። የቆዳችን የላይኛው ንጣፍም እንደዚሁ ነው። የደረቁ ጥቃቅን ቅርፊቶች እንደ ድንጋይ ተደርድረዋል። በመካከላቸው እንደ ጭቃ ሆኖ የሚያያይዛቸው የሰውነታችን የራሱ ስብ ነው። ይህ ንጣፍ በአብዛኛው የሰውነታችን ክፍል ከምታነቡት ወረቀት ይሳሳል። በመዳፍና በተረከዝ ብቻ ይወፍራል። ታዲያ ይህ ስስ ነገር ሁለት ከባድ ሥራ አለበት። በውስጥ ያለው ውኃ ተንኖ እንዳያልቅ ያግዳል። በውጭ ያለው ቆሻሻና ተሕዋስ እንዳይገባም ይከላከላል።

ጭቃውን የሚያጥብብን ምንድን ነው? አንደኛው ሳሙና ነው። የልብስ ሳሙናና ዱቄት ሳሙና የተሠሩት ከጨርቅ ላይ ቅባት ለማስለቀቅ ነው። ከእጃችንም ላይ ያው ሥራቸውን ይሠራሉ፤ ጨርቅና ቆዳ አይለዩም። በረኪና ደግሞ ይብሳል። በጣም የሞቀ ውኃም እንደዚሁ ነው። በቅባት የቆሸሸ ድስት በሙቅ ውኃ ቶሎ እንደሚጠራ ባለሞያ ሁሉ ያውቃል። ገላም ሲቃጠል ደስ ይላል እንጂ ወዙን ይዞበት ይሄዳል።

ሁለተኛው አየሩ ነው። ከጥቅምት እስከ ጥር ባለው ጊዜ ደጋው ሰማዩ ይጠራል፣ ሌሊቱ ይበርዳል፣ ነፋሱም ይደርቃል። እንደ ደብረ ብርሃን ባለ፣ ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ያህል ከፍታ ባለው አገር የሚኖር ሰው ይህን ከእኔ ይበልጥ ያውቀዋል። ከንፈር ይላጣል፤ የሕፃናት ጉንጭ ይሻክራል። ትምህርት ቤት ስንገባ የልጆቹ ቅልጥም አመድ መስሎ ይታየኛል። ልጆች ደግሞ ጨካኞች ናቸው፤ «አመዳሙ!» እየተባባሉ ይሰዳደባሉ።

አሁን ወደ ቅባቱ እንምጣ። እዚህ ላይ ነው ብዙዎቻችን የምንሳሳተው። ቅባት ውኃ አይደለም። ለደረቀ ቆዳ የጎደለው ውኃ ነው። ቅባት ያንን ውኃ ይዞ ያስቀራል እንጂ ራሱ ውኃ ሊሆን አይችልም። ስለዚህ ክው ብሎ በደረቀ እጅ ላይ ቅቤ ብንለድፍበት ድርቀቱን ሸፈንነው ማለት ነው። መጀመሪያ ቆዳው ውኃ ይጠጣ። ከዚያ ገና እርጥበቱ ሳለ ቅባቱ ይከተል። ነርሷ ለእማማ ያዘዘችው መድኃኒት ይኸው ብቻ ነበር።

አደራረጉ እንዲህ ነው። ማታ ሥራ ሁሉ ካለቀ በኋላ ለብ ያለ ውኃ በሳፋ አድርጉ። እጁን ወይም እግሩን ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ዘፍዝፉት። ተረከዙ የደደረ ከሆነ በእግር መፋቂያ ድንጋይ ቀስ አድርጋችሁ ፈትጉት። በምላጭ መላጥ ግን ክልክል ነው፤ ምላጭ የት ላይ እንደሚቆም አያውቅም። ከዚያ በንጹሕ ጨርቅ ጠብ ጠብ አድርጉት፤ አትሹት። በእግር ጣቶች መካከል ግን ፈጽሞ ይድረቅ። እዚያ እርጥበት ከቀረ ይሸታል፣ ይልጣል፣ ያሳክካል። ቀሪው ቆዳ ገና ረጠብ እንዳለ ቅባት ቀቡት፤ በጣቶቹ መካከል አታስገቡ። ካልሲ ያለው ሰው ካልሲ አጥልቆ ይተኛ። ለእጅም አሮጌ ንጹሕ ካልሲ ይሆናል። ባልና ሚስት ሊሣሣቁ ይችላሉ፤ ይሣሣቁ።

«ውኃ ከሩቅ የምንቀዳ ሰዎች 20 ደቂቃ የምንዘፈዝፍበት ከየት እናመጣለን?» ትሉኝ ይሆናል። እውነት ነው። በአንድ ጣሳ ውኃ ንጹሕ ጨርቅ አርሱና ተረከዙን ጠቅልሉት። እናንተ ቡና ስትጠጡ እሱ ይርሳል።

የትኛው ቅባት ይሻላል? ውዱ ይሻላል ማለት አይደለም። ሽታ የሌለው ቫዝሊን ይበቃል። ቫዝሊን ከነዳጅ ዘይት ተጣርቶ የሚገኝ ነው። ሮበርት ቼዝብሮ የሚባል አሜሪካዊ የነዳጅ ጉድጓድ ሠራተኞች ዝቃጩን ቁስላቸውን ሲቀቡት አይቶ አጣራውና በ1872 (እ.ኤ.አ.) የፈጠራ መብት አወጣበት። አይሸትም፣ ቶሎ አይበላሽም፣ ውኃን አጥብቆ ይይዛል። ቫዝሊን ከሌለ ንጹሕ የሱፍ ወይም የኑግ ዘይት ጠብታ ይሆናል። ግሊሰሪን የምትወዱ በውኃ በርዙት። ሳይበረዝ በደረቅ አየር ከተቀባ ከቆዳው ውስጥ ውኃ ይስባል።

ቅቤን በተመለከተ እናቶቼ እንዳይቀየሙኝ እፈራለሁ። ለጋ ንጹሕ ቅቤ ባልተላጠ ቆዳ ላይ ያለሰልሳል። የበሰለ ቅቤ ግን ያሳክካል፣ ዝንብም ይጠራል፤ በሕፃን ፊት ላይ ዝንብ ማረፉ ደግሞ ለዓይን ማዝ በሽታ በር ይከፍታል። በደማ ስንጥቅ ላይና በአራስ ልጅ እትብት ላይ ቅቤም ሆነ አመድ ወይም እበት ጨርሶ አይደረግም። መንጋጋ ቆልፍ የሚባለው በሽታ በዚህ መንገድ ይገባል።

በገበያ የሚሸጡ ፊት የሚያቀሉ ክሬሞችም አሉ። በውስጣቸው ቤታሜታዞንን የመሰለ ከባድ መድኃኒት ያለባቸው ይገኛሉ። ፊቱ ለጥቂት ሳምንት ያምራል፤ ቆይቶ ቆዳው ይሳሳና ፀሐይ አይችልም። ሐኪም ካላዘዘው አትንኩት።

ቆዳ ከውጭ ብቻ አይወዛም። ከውስጥም ይመገባል። ቫይታሚን ኤ የጎደለው ሰው ቆዳው እንደ ዶሮ ቆዳ ይሻክራል፤ ሲመሽም ዓይኑ አያይም። ዳፍንት የምንለው ነው። ይህ ቫይታሚን በጉበትና በእንቁላል አስኳል ይገኛል። ቆስጣ፣ ሐበሻ ጎመን፣ ካሮት፣ ዱባና ማንጎም ሰውነታችን ቫይታሚኑን የሚሠራበትን ነገር ይሰጡናል። ሆኖም ያለ ቅባት በደንብ አይዋሐድም። ጎመኑን በውኃ ብቻ ቀቅሎ መብላት ስለዚህ ግማሽ ሥራ ነው፤ ጥቂት ዘይት ጠብ ይደረግበት። በጾም ወራት ተልባ፣ ኑግና ሱፍ አሉልን። የአያቶቻችን የተልባ ፍትፍት ሞኝነት አልነበረም።

አሁን ተረከዝ ላይ ልቆይ፤ ትልቁ አደጋ እዚያ ነውና። ስንጥቅ ማለት በር ማለት ነው። በወላይታም ሆነ በጎጃም ደጋ፣ በቀይ አፈር ላይ ለዓመታት በባዶ እግር የሚሄድ ሰው እግሩ ሊያብጥ ይችላል። ዝሆኔ ነው። በቆላ አገር በትንኝ የሚመጣ ሌላ ዓይነት አለ። የደጋው ግን ከአፈሩ ነው፤ ደቃቅ ብናኙ በቆዳ በኩል ይገባል። ይህን አጥንተው ከገለጹት አንዱ በአገራችን የሠራው እንግሊዛዊው ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ ነው። እርግማን አይደለም፤ ከሰው ወደ ሰውም አይተላለፍም። በጫማና በዕለታዊ እጥበት ይከላከሉታል። እብጠቱ የጀመረው ሰውም እግሩን በሳሙና ቢታጠብ፣ ቅባት ቢቀባና ጫማ ቢያደርግ ይቀንስለታል። ስለዚህ ያበጠ እግር ያለውን ጎረቤታችሁን አትሽሹት። ሳፋውን አቅርቡለት።

ሌላው ደግሞ የማይሰማው ድርቀት ነው። የደበዘዘ፣ የማያልብ፣ በላባ ሲነኩት የማይሰማው ቦታ በቆዳችሁ ላይ ካያችሁ አትቀቡና አትጠብቁ። የሥጋ ደዌ ሊሆን ስለሚችል ጤና ጣቢያ ሂዱ። መድኃኒቱ ያለ ክፍያ ይሰጣል፤ በጊዜ ከተጀመረም ጣት ሳይጎዳ ይድናል። የስኳር በሽታ ያለበትም ሰው እግሩ ይደነዝዛል። እነዚህ ሰዎች እግራቸውን ከመዘፍዘፋቸው በፊት ሐኪማቸውን ይጠይቁ፤ የሚታጠቡበትንም ውኃ ሙቀት ሌላ ሰው በክርኑ ይለካላቸው። እግራቸው ሲቃጠል አይነግራቸውምና። ሌሊት ሌሊት የሚያሳክክ፣ በጣቶች መካከል ሽፍታ ያለው፣ ከቤተሰቡም ሌላ ሰው የያዘ ከሆነ እከክ ነው እንጂ ድርቀት አይደለም። መድኃኒቱም ለቤተሰቡ በሙሉ ነው። የቀላ፣ የሞቀ፣ መግል የያዘ ስንጥቅም የጤና ጣቢያ ሥራ ነው።

ደቂቃዬ እያለቀ ስለ ሆነ ወደ እማማ ልመለስ። ልብስ ማጠባቸውን አልተዉም፤ በምን ይብሉ? ነርሷ የላስቲክ ጓንት አድርጉ አለቻቸው። ከውስጥ ስስ የጥጥ ጓንት ቢኖርም ጥሩ እንደ ሆነ ነገረቻቸው። በረኪናውን በእንጨት ማማሰል ጀመሩ። አጥበው ሲጨርሱ እጃቸውን በንጹሕ ውኃ ያለቀልቁና ሳይደርቅ ይቀቡታል። የቫዝሊኗን ብልቃጥ ከሳሙናው አጠገብ አስቀመጧት፤ ሣጥን ውስጥ ከሆነች ይረሷታልና። መጀመሪያ ላይ ምንም ለውጥ የለም ብለው ሊተዉት ነበር። ሁለት ሳምንት ሲሆን በርበሬ ሲደልዙ እንዳላቃጠላቸው ልብ አሉ።

ከዚያ በኋላ አንድ ማታ ደብተራቸውን አምጥተው ጠረጴዛዬ ላይ አኖሩት። ገጹ ሙሉ ነው። ሙሉ ስማቸውን ከነአባታቸው ዐሥራ አንድ ጊዜ ጽፈውታል። «ዐሥር ነው ያዘዝሽኝ፤ አንዱ የመርቅ ነው» አሉኝ።

በሉ፣ ውኃውን ለብ አድርጉ። በጣቶቻችሁ መካከል ማድረቁን አትርሱ።