ከድንኳኑ መነሣት በኋላ
(ለማኅበሩ አባላት የቀረበ ንግግር)



ኀዘንተኛን የማጽናናት ልማድ በኢትዮጵያ ሥር የሰደደ መሆኑ የታወቀ ነው። ሰው በሞተ ጊዜ ጥሩምባ ነፊው ለሠፈሩ ያስታውቃል፤ ዕድሩ ድንኳን ይተክላል፤ ሴቶች ንፍሮ ይቀቅላሉ፤ ወንዶች ከኀዘንተኛው ጋር ያመሻሉ፤ በደንቡ የተወሰነውም ገንዘብ ለቤተሰቡ ይሰጣል። በጀት የተመደበለት መሥሪያ ቤት እንኳ ይህን ያህል ፈጥኖ አይደርስም።

ይሁን እንጂ ድንኳኑ በተነሣ ማግሥት ሌላ ችግር ይጀምራል። የሟች ሚስት የጡረታ አበል ለመጠየቅ፣ በባንክ የተቀመጠውን ገንዘብ ለማውጣት፣ ቤቱን ወደ ወራሾች ስም ለማዛወር ብትነሣ በየመሥሪያ ቤቱ አስቀድሞ የምትጠየቀው የሞት ምስክር ወረቀት ነው። ጋብቻዋን የሚያረጋግጥ ሰነድ፣ የልጆቹ የልደት ምስክር ወረቀት፣ ከፍርድ ቤት የሚሰጠው የወራሽነት ማረጋገጫም ይከተላሉ።

እዚህ ላይ ልማድና ሕግ ሳይገናኙ ይተላለፋሉ። በአዋጅ ቁጥር 760/2004 መሠረት ሞት በ30 ቀን ውስጥ መመዝገብ አለበት። ክርስቲያኗ ኀዘንተኛ ግን እስከ አርባው ድረስ ከቤቷ እምብዛም አትወጣም፤ የሙስሊሟም ዒዳ 4 ወር ከ10 ቀን ነው። እንግዲህ ሕጉ የሰጠው ቀን የሚያልቀው ሁለቱም ገና በኀዘን ላይ ሳሉ ነው። ቀኑ ካለፈ በኋላ የሚመጣው መመላለስና ደጅ ጥናት አባት ያጡትን ልጆች ይጎዳል። ጥፋቱም የኀዘንተኛዋ አይደለም፤ በጊዜው የሚነግራት ሰው አለመኖሩ ነው።

ለዚህ መፍትሔው አዲስ መሥሪያ ቤት ማቋቋም አይደለም። የሞቱን ዕለት ከሁሉ አስቀድሞ የሚያውቁት የሆስፒታሉ ነርስና የዕድሩ ጸሐፊ ናቸው። የት እንደሚመዘገብ፣ ምን ሰነድ እንደሚያዝ፣ የትኛው ጉዳይ እንደሚቀድም በቀላል አማርኛ የተጻፈ አንድ ገጽ በእነርሱ እጅ ቢገኝ ብዙ ችግር ይቃለላል። ወረቀቱም ለምታለቅሰው ሴት ሳይሆን ከዘመድ መካከል ረጋ ላለ ሰው ይሰጥ፤ በልቅሶ ሰዓት የተነገረ ነገር አይያዝምና።

የኀዘኑም ነገር አይዘንጋ። ከአርባው በኋላ ጠያቂው ይቀንሳል፤ ቤቱም ጭር ይላል። የዓለም ጤና ድርጅት ከ2022 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በሥራ ላይ ባዋለው የበሽታዎች ምደባ፣ ከ6 ወር በላይ የዘለቀና ከኅብረተሰቡ ልማድ እጅግ ያለፈ፣ ዕለታዊ ኑሮን የሚያውክ ኀዘን ሕክምና የሚሻ መሆኑ ታውቋል። ዓመት ሙሉ ጥቁር መልበስ ሕመም አይደለም። ነገር ግን ልጆቿን መመገብ የተሳናት፣ መኖሬ ምን ይረባል የምትል እናት ብትገኝ፣ ባለሙያው «እግዜር ያጽናሽ» ብሎ ብቻ መለየት አይገባውም፤ ወደ ጤና ጣቢያ ይዟት ሊሄድ ይገባል።

ስለዚህ እያንዳንዱ የማኅበሩ አባል በሚኖርበት ሠፈር ያለውን የዕድር ጸሐፊ ቀርቦ ያነጋግር፤ ያቺን አንዲት ገጽ አብሮት ያዘጋጅ፤ ከአርባውም በኋላ የኀዘንተኛዋን ደጅ ያንኳኳ። አደራው ይህ ነው።