ስንት ዓመት ይኖራል?

(በእድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



አንድ ሰው ቫይረሱ አለበት ሲባል ድምፃችንን ዝቅ አድርገን የምንጠያየቀው ነገር አለ፤ ይኸውም «እንግዲህ ስንት ዓመት ይኖር ይሆን?» የሚል ነው። ዛሬ የተነሣሁት ይህንኑ ለመመለስ ነው። ነገሩ ባጭሩ፣ በሽታው በየትኛው ደረጃ ላይ ሳለ ተገኘ፣ መድኃኒቱስ ሳይቋረጥ ይወሰዳል ወይ በሚሉት ላይ ያረፈ ነው።

ኤች.አይ.ቪ. የሚያጠቃው የሰውነታችን ዘበኞች የሆኑትን ሲዲ-4 የተባሉ ነጭ የደም ሕዋሳት ነው። በጤነኛ ሰው በአንድ ኪዩቢክ ሚሊ ሜትር ደም ውስጥ ከ500 እስከ 1,500 ያህል ይገኛሉ።

የመጀመሪያው ደረጃ ቫይረሱ በገባ ከ2 እስከ 4 ሳምንት ውስጥ የሚታየው ነው። ብዙዎችን ትኩሳት፣ ራስ ምታት፣ የጉሮሮ ሕመምና ሽፍታ ይይዛቸዋል። እኛም «ምች ነው» ብለን ዳማከሴ እንጨምቃለን፤ ሕመሙም በራሱ ጊዜ ይተዋል። በዚህ ጊዜ ግን ቫይረሱ በደም ውስጥ እጅግ የበዛ ስለሆነ ወደ ሌላ ሰው በቀላሉ ይተላለፋል። ምርመራውም ገና ላያሳይ ስለሚችል የሚጠራጠር ሰው ከሦስት ወር በኋላ መድገም አለበት።

ሁለተኛው ዝምተኛው ደረጃ ነው። ያለ መድኃኒት ባማካይ 10 ዓመት ገደማ ይቆያል፤ ባንዳንዱ ያጥራል፣ ባንዳንዱ ይረዝማል። ሰውየው ይሠራል፣ ይድራል፣ የእድር መዋጮውንም ሳያጓድል ይከፍላል፤ ዘበኞቹ ግን ቀስ በቀስ እያለቁ ነው። ወደ መጨረሻው ክብደት መቀነስና አልማዝ ባለጭራ ብቅ ሊሉ ይችላሉ።

ሦስተኛው ኤድስ የምንለው ነው። ሲዲ-4 ከ200 በታች ይወርዳል፤ ሳንባ ነቀርሳና ሌሎችም ከባድ በሽታዎች መግቢያ ያገኛሉ። እዚህ የደረሰ ሰው መድኃኒት ካላገኘ የሚኖረው ብዙውን ጊዜ 3 ዓመት ያህል፣ ከዚያም ያነሰ ነው።

በአገራችን የኤድስ ሕመምተኞች መጀመሪያ የታወቁት በ1978 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በኋላ እድሮች ድንኳን ነቅለው ሳያርፉ ሌላ ቤት የሚተክሉበት ዘመን መጣ። በ1993 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የመቃብር ቦታዎች የቀብር ምዝገባ ተጀመረ። ጥር 1997 ዓ.ም. ላይ መድኃኒቱ በነፃ መሰጠት ጀመረ፤ በተከታዮቹ ዓመታትም በኤድስ የሚሞተው ጎልማሳ ቁጥር በእጅጉ እንደቀነሰ ያው የቀብር መዝገብ አሳየ። ለእድርተኛ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ ከየት ይመጣል?

መድኃኒቱ ቫይረሱን ከሰውነት ጠርጎ አያወጣም፤ እንዳይራባ ግን ያግደዋል። ዘበኞቹም መልሰው ይበዛሉ፤ ሦስተኛው ደረጃ ላይ ወድቆ የነበረ እንኳ ተነሥቶ ሥራው ይገባል። ዛሬ ቫይረሱ የተገኘበት ሰው ሁሉ ሲዲ-4 እስኪወርድ ሳይጠብቅ መድኃኒት ይጀምራል። በጊዜ ጀምሮ በየቀኑ የሚወስድ ሰው ዕድሜ ቫይረሱ ከሌለበት ጎረቤቱ ዕድሜ ጋር የሚቀራረብ ነው። ቫይረሱ በምርመራ የማይታይበት ደረጃ ደርሶ እዚያው ከቆየም በግብረ ሥጋ ግንኙነት ወደ ሌላ ሰው አያስተላልፍም። ነፍሰ ጡር እናትም በሚገባ ከወሰደች ልጇ ነፃ ሆኖ የመወለዱ ተስፋ እጅግ ከፍ ያለ ነው።

አደጋው ማቋረጡ ላይ ነው። «አሁንማ ተሻለኝ» ብሎ የሚተው አለ፤ ጎረቤት እንዳያየው ሲደብቅ ሰዓቱ የሚያልፍበትም አለ። ሲቋረጥ ቫይረሱ እንደገና ይራባል፤ መድኃኒቱንም ሊለምደው ይችላል። ፀበል የሚጠመቅም ቢሆን መድኃኒቱን አብሮ ይውሰድ፤ አንዱ ሌላውን አይከለክልም።

እንግዲህ የኛ ድርሻ ምንድን ነው? ሰው እንዲደበቅ የሚያደርገው የኛው ሹክሹክታ ነውና እሱን እንተው። ምሥጢሩን አምኖ የነገረንን እንጠብቅለት፤ መድኃኒት የሚያመጣበት ቀን ሲደርስ የትራንስፖርት ለቸገረው እንድረስለት። ሳንመረመር የቆየንም ጤና ጣቢያው ሩቅ አይደለም፤ ሁለተኛው ደረጃ ዝም ስለሚል ማንም «እኔ ደኅና ነኝ» ብሎ በመልኩ አይመን። እድራችን ለሞተ ወገኑ ድንኳን እንደሚተክል ሁሉ፣ በሕይወት ላለውም ቀድሞ ይድረስ እላለሁ።