ስለ ማሕፀን ነቀርሳ ቀዶ ሕክምና ለጉባኤ የተሰጠ ቃል



ታማሚ እናቶችን ወደ ሐኪም ስናደርስ «ሆዴ ሳይከፈት መዳን እችላለሁን?» የሚል ጥያቄ ደጋግሞ ይገጥመናል። ተገቢ ጥያቄ ነው።

ላፓሮስኮፒ በሚባለው መንገድ ሐኪሙ በሆድ ላይ በተበሱ ትንንሽ ቀዳዳዎች ካሜራና መሣሪያ አስገብቶ ማሕፀኑን ይለያል፤ ከዚያም በብልት በኩል ያወጣዋል። በአሜሪካ ነቀርሳቸው ገና በጅምሩ የተገኘ 2,616 ሴቶች በተካፈሉበት ጥናት ሁለቱ መንገዶች ተነጻጽረዋል፤ ውጤቱም በ2009 እና በ2012 እ.ኤ.አ. ታትሟል። ከአምስት ዓመት በኋላ በሁለቱም ወገን ከመቶው 90 ያህሉ በሕይወት ነበሩ። ሆዳቸው ከተከፈተው ከመቶው 94ቱ ከሁለት ቀን በላይ ሆስፒታል ተኝተዋል፤ በላፓሮስኮፒ ከተጀመረላቸው ግን 52ቱ ብቻ። ልጆቿን ለጎረቤት ትታ ለመጣች እናት ይህ ቀላል ነገር አይደለም። እርግጥ ከአራቱ የአንዲቱን ያህል ሆድ በመሀል መክፈት ግድ ሆኗል፤ ይህም ሲሆን ሐኪሙ አጠፋ አያሰኝም።

ይሁን እንጂ ይህ ሁሉ የተነገረው ስለ ማሕፀኑ ገላ ነቀርሳ ነው። የማሕፀን በር ነቀርሳ ሌላ ነው፤ በኢትዮጵያም ይበልጥ የሚታየው ይኸኛው ነው። በ2018 እ.ኤ.አ. በታተመ የ631 ሴቶች ጥናት፣ በትንንሽ ቀዳዳ በታከሙት ላይ በሽታው አብልጦ ተመልሷል፤ የሞቱትም በዝተዋል።

እንግዲህ የፕሮጀክት ሠራተኞች ሆይ፣ ከታማሚዋ ጋር ስትሄዱ ነቀርሳው የትኛው እንደ ሆነ አስቀድማችሁ ጠይቁላት። ካረጠች በኋላ ደም ያየችውንም ሴት ሳትውል ሳታድር ለምርመራ አድርሷት፤ ላፓሮስኮፒ የሚሠራ ሐኪም እስኪገኝ ብላችሁ አታቆዩአት።